ስፒናውን የነቀልኩ ቀን

ሰው ስለት ይፈራል ሲባል እሰማለሁ። እኔ አላምንም። ሰው ከስለት ይልቅ የሚፈራው እምቢ ማለትን ነው። ጣቱን መጋዝ የበላበት አናጢ ብታውቁ ጠጋ ብላችሁ ጠይቁት፤ የመጋዙን ክፋት አይነግራችሁም። «ቶሎ በል ሲሉኝ ጊዜ...» ብሎ ነው የሚጀምረው። በደርግ ዘመን ደግሞ «ቶሎ በል» የማይል ሰው ማግኘት ነበር ብርቁ።

ባለቤቴ ጌታነህ አናጢ ነበር። ቤታችን ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ገባ ብሎ፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጋር አጥር ይዋሰናል። ከቀበሌ ጋር አጥር መዋሰን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያላወቀውን እግዜር አያሳውቀው። ጌታነህን ከሰፈሩ አናጢዎች የሚለየው አንድ ንብረት ነበረው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለሰንሰለት መጋዝ። ቀድሞ አብሮት ይሠራ የነበረ ጀርመናዊ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ የተወለት ነው። ሰውየው አማርኛ አያውቅም፣ ጌታነህም ጀርመንኛ አያውቅም፤ ትምህርቱ ሁሉ በእጅ ምልክት ነበር። መጀመሪያ ያስተማረው ታዲያ መቁረጥን አይደለም፤ ሰንሰለቱን ከመንካትህ በፊት ስፒናውን ከሶኬት ንቀል የሚለውን ነው።

ይህን ሁሉ አንቺ በምን አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል። ከማን ጋር የምኖር መሰላችሁ? ጌታነህ ከሥራ ሲመለስ ጓንቱን አጥልቆ ሰንሰለቱን ሳብ አድርጎ ይለቀዋል። ከረገበ ያጠብቀዋል፣ አልዞር ካለ ያላላዋል። ጥርሶቹን በክብ ሞረድ ይስላል፣ ዘይቱን ይሞላል፣ ከዚያ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ እየዳሰሰ የተላጠ ቦታ ይፈልጋል። እኔን እንዲህ ዳስሶኝ አያውቅም! ቀናሁ መሰለኝ። በቅናት ደግሞ ሰው ብዙ ይማራል።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ ነው። በቀበሌው ግቢ የቆመው ባሕር ዛፍ አንድ ወፍራም ቅርንጫፉ ለበዓሉ የተሠራውን መድረክ ጋረደ። በማግስቱ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጓዶች መጥተው መድረኩን ሊጎበኙ ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ መኩሪያ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ አስኮ ድረስ የሚሰማ ሰው፣ ጌታነህን አስጠርቶ «ዛሬውኑ ይውረድ» አለው። የቀበሌው ሶኬት ከተቃጠለ ቆይቷል። ስለዚህ ገመዱ ከእኔ ሳሎን ተነሥቶ፣ በመስኮት ወጥቶ፣ አጥሩን ተሻገረ። አልደርስ ሲል ሌላ ገመድ ቀጥለው መገጣጠሚያውን በናስትሮ ጠቀለሉት።

ከዚያ ካፊያ ጀመረ።

በአጥሩ ላይ አንገቴን አወጣሁ። ጌታነህ በረጠበ መሰላል ላይ ቆሞ መጋዙን ከራሱ በላይ አንሥቷል፤ የዓይን መከላከያው ደመና ለብሷል። በናስትሮ የተጠቀለለው መገጣጠሚያ ኩሬ ውስጥ ተኝቷል። ከሥር ሊቀመንበሩና ለሥራ ዘመቻ የወጣው ሕዝብ ወደ ላይ ያያል።

«ጌታነህ፣ ውረድ!» አልኩት። እኔን አየኝ፤ ቀጥሎ ሊቀመንበሩን አየ።

«ጓዲት የሺ!» አለ ጓድ መኩሪያ፣ «ካፊያ አብዮትን አያቆምም!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ምን ያድርግ?

«አብዮቱን ማን አቁሙ አለዎት? መጋዙን ነው ያልኩት፤ ገመዱ ውሃ ውስጥ ነው!»

«ቀጥል፣ ጓድ!» አለው። ባሌም ቀጠለ። መጋዙ ሲያጓራ ወደ ሳሎኔ ሮጥኩና ስፒናውን ነቀልኩት። ጸጥ አለ። ስፒናውን በእጄ እንደጨበጥኩ ወደ አጥሩ ተመለስኩ።

«መልሰሽ ስኪው!»

«አልሰካም። ሳሎኑ የእኔ ነው፤ መሰላሉ ላይ ያለውም የእኔ ነው።»

«ይህ አሻጥር ነው!»

የዚያን ጊዜ ይህች ቃል ሰውን ከቤቱ አውጥታ የት እንደምታደርሰው የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጣቶቼ ግን አልተከፈቱም።

«አሻጥር ይሁን። ዝናቡ ሲያባራና ገመዱ ሲደርቅ እሰካለሁ። እስከዚያ እሰሩኝ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጌታነህ አንድ እግሩን አወረደ። ቀጥሎ ሌላውን። መሬት ሲደርስ ሊቀመንበሩን ቀና ብሎ ሳያይ መጋዙን በኮቱ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ገባ። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ቀን ቆንጆ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ጌታነህ ቅርንጫፉን በእጅ መጋዝ አወረደው፤ የኤሌክትሪኩን ለመቆራረጥ ያስነሣው ቅርንጫፉ መሬት ካረፈ በኋላ፣ ገመዱም ደረቅ ቦታ ከተዘረጋ በኋላ ነው። እንግዶቹ ሲደርሱ መድረኩ ተገልጦ ጠበቃቸው።

እኔ ግን ለሂስ ስብሰባ ተጠራሁ። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። ተነሥቼ «ጥፋቴ ዘግይቼ መንቀሌ ነው» አልኩ። ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጓድ መኩሪያ ጠረጴዛውን መታ፣ ዛተ፣ ከጓዶቹ ጋር ተንሾካሾከ። ያስቸገረ ሰው ወይ ይታሰራል ወይ ይሾማል፤ እኔን ሾሙኝ። «የሥራ ላይ ደህንነት ተጠሪ» የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ተሰጠኝ።

ወሬው ከቀበሌው ግቢ ወጥቶ ማዞሪያው እስኪደርስ «የሥራ ላይ» የሚለው መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ። በማግስቱ ባለሱቁ ስገባ ራዲዮውን ቀነሰ። የስኳር ሰልፍ ላይ የነበሩት «እለፊ፣ እትዬ የሺ» አሉኝ። ጎረቤታችን ጌታነህን ጥግ ይዞ «እውነት የሺ ደህንነት ናት?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ያ መዋሸት የማይችለው ባሌ «አዎ፣ ወረቀት አላት» አለው።

ላስተባብል ይገባኝ ነበር? አላስተባበልኩም። ከዚያ ወዲያ በእኛ ሰፈር በዝናብ መጋዝ ያስነሣ ሰው አልነበረም። የፈሩት ኮረንቲውን ይሁን እኔን፣ ጠይቄ አላውቅም።