በሰው ስብራት ይቅር ባዩ

በሰው ስብራት ይቅር የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ቡሬ ውስጥ አያ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ አሉን። ድሮ የአባቴን መሬት በእርቅ ስም ለወንድሞቼ አስረክበው፣ እኔን መርቀው ባዶ እጄን የሸኙኝ እሳቸው ናቸው።

አምና በመንገድ ሳልፍ የአንድ ሕንፃ ክሬን ገመዱ ተበጥሶ ብረት ጣለብኝና እግሬ ተሰበረ። ማን ቀድሞ የደረሰ ይመስላችኋል? ሐኪም? አያ ደምሴ የሕንፃውን ተቋራጭ አስከትለው መጡ።

«እታለም፣ ክሬን ነፍስ የለው፤ ይቅር በይ» አሉኝ።

«ክሬኑንስ ይቅር ብያለሁ፣ አያ። ባለቤቱን ግን እከሳለሁ።»

ለድሃ በነፃ የሚቆም ጠበቃ አገኘሁ። ተቋራጩ «ገመዱ አዲስ ነበር፤ የተከለከለ ቦታ የገባችው እሷ ናት» ብሎ ካደ፤ አያ ደምሴንም ምስክር አድርጎ ጠራ። እሳቸው ደግሞ ማንንም ማስቀየም አይወዱም።

«ክቡር ዳኛ፣ የማንም ጥፋት የለም» አሉ። «እሷም በመንገዷ ነበረች። ገመዱም ካረጀ ቆይቷል፤ ይህ ተቋራጩ ልጃችን ‹እስከ ክረምት ያደርሰናል› ሲል እኔው ራሴ አሜን ብያለሁ።»

ተፈረደልኝ። ከችሎት ስንወጣ በምርኩዜ ተደግፌ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«አያ፣ እግዜር ለጠላቶቼ ሁሉ እንደ እርስዎ ያለ ሽማግሌ ያቁምላቸው» አልኳቸው።