እጥፍ አድርጊ፣ ሠላሳ ጨምሪ

ቆዩ... ቆዩ፣ ሳቄ ይልቀቀኝና አወራችኋለሁ። እስካሁን ጎኔን ይወጋኛል። ምርጡ ያለው መጨረሻው ላይ ነውና ጥላችሁኝ እንዳትሄዱ።

መቼም አሜሪካ የገባ ሰው መለካትን እንደ አዲስ ይማራል። ኪሎው ፓውንድ፣ ኪሎ ሜትሩ ማይል ይሆናል። እኔን ግን ሴልሺየሱ ፋራናይት እንደሆነበት ሙቀት ያስቸገረኝ የለም። አገር ቤት ስደውል «እዚህ ሃያ ነው፣ አንቺ ጋስ?» ይሉኛል። «ሰባ» ስላቸው ተቃጠለች ብለው ሊያለቅሱልኝ ይደርሳሉ። ስለዚህ የራሴን ዘዴ አበጀሁ፤ የነሱን እጥፍ አድርጊ፣ ሠላሳ ጨምሪ፣ አለቀ! አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች ሴት ከዚህ በላይ ምን ትፍጠር? እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያለ ሐበሻ ሁሉ ከኔ ነው የተማረው። እሺ፣ ግማሹ።

እዚሁ ቅርብ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖር እህት አለችኝ። ልጇ ሜላት ዘጠነኛ ክፍል ናት። አልጀብራ ወድቃ፣ ረቡዕ ሰሌዳ ፊት ቆማ «ሊኒየር ፈንክሽን» የሚሉትን የቀጥ ያለ መስመር ሒሳብ ካላስረዳች ዓመቱን ሙሉ ልትደግመው ነው። እህቴ ቅዳሜና እሁድ ሥራ ስለምትገባ «አንቺ ጋ ታጥና» ብላ አመጣቻት። እኔ ጋ!

ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቷን አተኮሳት። ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን ቴርሞሜትር ብብቷ ሥር ሻጥ ባደርገው ሠላሳ ዘጠኝ። እጥፉ ሰባ ስምንት፣ ሠላሳ ሲጨመርበት... መቶ ስምንት! ጮኼ ናይን ዋን ዋን ኮል አደረግሁ።

ሁለት ሰዎች ከአምቡላንስ ወርደው ቃሬዛ ይዘው ከተፍ አሉ፤ አንደኛው የኛው አገር ልጅ። ሜላት ሶፋ ላይ ተጋድማ ቺፕስ ትበላለች። ልጁ እሷን አየ፣ ቴርሞሜትሬን አየ፣ በራሱ ለካት። መቶ ሁለት።

«እናቴ፣ መቶ ስምንት ትኩሳት ይዞት ቺፕስ የሚበላ ሰው የለም። ማን ነው ያሰላልዎት?»

«ራሴ ነኛ!» አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

የትኩሳት መድኃኒት ስጧት ብለው፣ እየሳቁ ሄዱ። ሜላትም ስትስቅ ቆየችና ድንገት እርሳስ አነሳች። «አክስቴ፣ ዌይት! ትክክለኛው አንድ ነጥብ ስምንት ጊዜ፣ ፕላስ ሠላሳ ሁለት ነው። ያንቺ ሁለት ጊዜ፣ ፕላስ ሠላሳ።» ሁለቱንም ወረቀት ላይ መስመር አድርጋ አሰመረች። አሥር ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በኋላ እየተራራቁ ይሄዱና ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ስድስት ያህል ይለያያሉ። «የማይገባኝ ግን ይሄ ሠላሳ ሁለት ነው። እነሱ ጋ ገና ዜሮ ሆኖ እዚህ እንዴት ሠላሳ ሁለት ይሆናል?»

እኔ ሳቄ መጣ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄማ ባሌ የሚነዳው ታክሲ ነው! ሰው ገብቶ በሩን ሲዘጋ፣ ጎማው ሳይዞር ቆጣሪው ላይ ቁጥር የለም? እሱ መነሻው ነው። ከዚያ በየማይሉ እኩል እኩል ይጨምራል።»

«ኦው፣ ገባኝ!» አለች ሜላት። ከዚያ ተነስታ አቀፈችኝ፤ ትኩሳቷን አጋባችብኝ።

ረቡዕ እኔ በተራዬ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ስልኩን ታቅፌ ዋልኩ። ደወለች። አለፈች! ሰሌዳው ላይ ታክሲውን ስላ፣ ሁለቱን መስመሮች አስምራ፣ በኔኛው ጫፍ አምቡላንስ አቁማበት፣ ክፍሉ በሳቅ ሞተ አለችኝ።

«ቲቸርሽስ ስለኔ ምን አለች?»

ቃል በቃል ነገረችኝ፦ «የአክስትሽ መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ ግን ሌላ ጊዜ አምቡላንስ ከመጥራቷ በፊት አንቺን ትጥራሽ።»