ሸንጎ የተቀመጠው ሬሳ

ጆሯችሁን ወዲህ በሉልኝ። ድሮ፣ አውሬ እንደ ሰው ሸንጎ ሲቀመጥ፣ እንደ ሰውም ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲዋሽ፣ በአንድ ጫካ ውስጥ እመት ጃርት የምትባል ባለ ትዳር ነበረች። ባሏ አያ ውብነህ ይባላል። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት፤ ለእናቱ ጃርትም ውብ ነው።

አንድ ቀን ሲመሻሽ አያ ውብነህ ሥራሥር ሊቆፍር ወጣ፣ ወጥቶም ቀረ። እመት ጃርት ጎህ ሲቀድ ፍለጋ ብትወጣ፣ የሸለቆው ጭቃ ሹም አያ ከርከሮ ገላውን ሊያቀዘቅዝበት መንገዱ መሀል በማሰው የጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ተደፍቶ አገኘችው። ከላይ የሚታየው እሾሁ ብቻ ነበር። ልጆቿ ውሃ የሚወርዱት በዚያው መንገድ ነው። እናም ከእንባዋ ቀድሞ አንድ ሐሳብ መጣባት፤ ይህ ጉድጓድ ነገ ሳይሆን ዛሬ መደፈን አለበት።

በዚያ ጫካ ግን ሬሳ መርማሪ መጥቶ «የገደለው ይህ ነው» ሳይል የሞተ አይቀበርም። ገዳዩ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ጭቃ ሹሙ ያንን ነገር ከመንገድ እንዲያስወግድ ይገደዳል። ድሮ እያንዳንዱ ሸለቆ የራሱ መርማሪ ነበረው። የዚህኛው ሸለቆ መርማሪ ዝንጀሮ ሲሆን የከርከሮ አበልጅ ነበር። ነብር የሰበረውንም እባብ የነደፈውንም «ብርድ መትቶት ነው» ይላል። ወገቧ ድረስ የተበላችን ሚዳቋ እንኳ «ብርድ ነው» ብሎ አስቀብሯል።

ይህ ጉድ አንበሳው ግቢ ሲሰማ አዲስ ደንብ ወጣ። ዝንጀሮዎቹ ሁሉ ይሻሩ፤ ለጫካው በሙሉ አንድ ትልቅ መርማሪ ይሾም፤ እሱም ከአንበሳው በቀር ለማንም አይታዘዝ ተባለ። ጥንብ አንሳ ተሾመ። አገሩ እልል አለ፤ እመት ጃርትም ጉሮሮዋ እስኪነቃ እልል ብላለች። ከደንቡ ጭራ ላይ ያለችዋን ነገር ግን ልብ ያላት የለም። የመርማሪው ቀለብና ማደሪያ በየሸለቆው ጭቃ ሹም ይቻላል ትላለች።

ይኸውና እመት ጃርት ባሏን ከደጅ አስተኝታ ጥንብ አንሳን መጠበቅ ያዘች። ለጫካው ሁሉ አንድ መርማሪ! ከሰማይ ሲዞር ታየዋለች፤ አሁን ወረደ ስትል ወደ ሌላ ሸለቆ ያልፋል። ቢቸግራት ከርከሮ ቤት ሄደች።

«አያ ከርከሮ፣ ባሌ ሸተተ እኮ!»

«ምን ላድርግ እመት ጃርት? በአዲሱ ደንብ መርማሪው ካላለ ሞተ አይባልም። እጄ ታስሯል።»

«ካልሞተ ታዲያ ምን ሆነ ልበል?»

«ዝም ብሏል በይ።»

አያ ውብነህ የሸንጎው ሽማግሌ ነበር። ካልሞተ ደግሞ ከሸንጎ አይቀርም ተባለና ተሸክመው አምጥተው ጉቶ አስደግፈው አስቀመጡት። ከጎኑ የተቀመጠችው ጦጣ አፍንጫዋን ይዛ ፈንጠር አለች። እመት ጃርት ከፊታቸው ቆማ ጉድጓዱ እንዲደፈን ለመነች። ግማሹ ሽማግሌ ይደፈን አለ፤ ከከርከሮ ማዕድ የሚቀምሰው ግማሹ ደግሞ ይቆይ አለ። እኩል ለእኩል ሆነ።

በዚያ ሸለቆ ልማድ ሸንጎ ላይ ዝም ያለ ከጭቃ ሹሙ ጋር እንደተስማማ ይቆጠራል። ስንቱ ሲስማማ ኖሯል!

ከርከሮ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ጉቶው ዞረ። «አያ ውብነህ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ዝንቦቹ ብቻ ተንጫጩ።

«አያችሁ አስተዋይ ሽማግሌ! በቃ፣ ጉድጓዱ ይቆይ።»

እመት ጃርት እሾኋን አቆመች። «ኧረ እናንተ ከይሲዎች! ባሌ በሕይወቱ አንድ ቀን ዝም ብሎ አያውቅም!»

«እና ጠባዩን ቢያሳምር ምን ያናድድሻል?» አለቻት ጦጣ።

በመጨረሻ ጥንብ አንሳ ወረደ። ወደ ሬሳው ቤት የሄደ እንዳይመስላችሁ፤ ከርከሮ ቤት ነው ያረፈው። ደንቡ ነዋ! ታረደለት፣ ተጠመቀለት፣ የሚያድርበት ዛፍ ተጠርጎ ተለቀቀለት። ጉሮሮው እንደ ስልቻ እስኪወጠር በልቶ ሲያበቃ ወደ እመት ጃርት ደጅ መጣ። መላጣ አንገቱን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ሰበረ።

«ጉድጓዱ ገደለው እንዳልል፣ ሟቹ ራሱ ጉድጓዱ ይቆይ ብሎ በሸንጎ ተስማምቷል። ጤነኛ ሽማግሌ ለገዳዩ አያደላም። ስለዚህ ጉድጓዱ ንጹሕ ነው። የገደለው ብርድ ነው።»

«ጌታዬ፣ ብርድማ ዝንጀሮም ይል ነበር» አለች እመት ጃርት።

«የዝንጀሮው የመንደር ብርድ ነበር። የእኔ ከአንበሳው ግቢ የመጣ ብርድ ነው!»

እመት ጃርት ልጆቿን አየች፣ መንገዱን አየች፣ ከርከሮን አየች። ከርከሮ ጥርሱን ይፍቃል። አንገቷን ደፋች።

«እሺ ጌታዬ። የት ልቅበረው ይላሉ?»

ጥንብ አንሳ የቀረው ጠጅ ነው የታየው። «ደስ ያለሽ ቦታ ቅበሪው። በአዲሱ ደንብ ቀብር የቤተሰብ ነው፤ ጭቃ ሹም እጁን አያስገባም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ጎረቤቶቿ ሬሳውን ተሸከሙላት። እሷ ፊት ፊት እየመራች በቀጥታ ወደ ጭቃው ጉድጓድ ወረደች፤ ባሏን እዚያው አስተኛችው። ልጆቿ ድንጋይ ያንከባልላሉ፣ ጎረቤት አፈር ይመልሳል።

ከርከሮ እየተንደረደረ መጣ። «ኧረ በሕግ አምላክ! ጌታው፣ ያስቁሟት! የእኔን ጉድጓድ! እዚያ ውስጥ እኮ...»

«እዚያ ውስጥ ምን?» አለው ጥንብ አንሳ፣ ዓይኑን አጥብቦ።

እዚያ ውስጥ ነው የሞተው እንዳይል፣ ያን ሁሉ ድግስ ያበላው ይኸው እንዳይባል ነው። ጉድጓዱ ሞላ፣ ተረገጠ፣ ከመንገዱ ጋር እኩል ሆነ። ያኔ ከርከሮ አፈሩ ላይ ዘጭ ብሎ ኡኡ አለ። በዚያ ቀብር ላይ እንደሱ አምርሮ ያለቀሰ አልነበረም።

እመት ጃርት አፈሩን ከእጇ አራገፈች። «አልቅስ አያ ከርከሮ፣ አልቅስ። ሲወጣልህ መርማሪህን ደግመህ አብላውና፣ ጭቃህን ምን እንደገደለው ጠይቀው።»