በዘበኝነት የተቀጠሩት አናጺ

መንግሥት ፊት ቀርቦ «ለወጣቶች የሚሆን በጀት ይፈቀድልን» ማለት ቀላል የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ደጅ ጠንታችሁ አታውቁም ማለት ነው። በንግግር ጊዜ ወጣቱን የማይወድ ባለሥልጣን እኔ አላጋጠመኝም። «የነገዪቱ ኢትዮጵያ ተረካቢ» ይባላል፤ ይጨበጨባል፤ ከዚያ ተረካቢው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፍቅሩ ወደ ወረቀት የሚወርድበት ቀን ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማኅተም ይጠየቃል፣ መሸኛ ይጠየቃል፣ ፊርማ ይጠየቃል፤ ፈራሚው ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ይህን የምለው ለማማት እንዳይመስላችሁ። እኔም ከዚያው ወረቀት እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ።

በጃንሆይ ዘመን ሰቆጣ በመምህርነት ስመደብ ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ በአማርኛዬ እኮራ ነበር፣ ከሚገባው በላይ። ትምህርት ቤታችን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ የሚማረው ደሴ ወይም ወልድያ ዘመድ ያለው ብቻ ነው። የቀረው ወጣት፣ መሬቱ ለአባቱም ስለማይበቃ፣ ጥቂት ወራት ገበያው ዳር ተቀምጦ ይከርምና አንድ ቀን ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ተጠራርቶ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ይወርዳል። ሁሉም አይመለሱም። ወባው ነው።

አባ ኪሮስ የበኩር ልጃቸውን የሸኙት በዚህ መንገድ ነበር። ካህን አይደሉም፤ «አባ» የምንላቸው ለዕድሜያቸው ነው። የጋዝጊብላ ሰው ናቸው፤ አናጺ፤ የከተማዋን በርና መስኮት ግማሹን በእጃቸው የሠሩ። አፋቸውን የፈቱት በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ ስለሆነ አማርኛቸው አጭር ነው፤ የሚሉትን ብለው ያቆማሉ። የልጃቸውን ሞት የሰሙት ከዓመት በኋላ፣ አብሮት ከወረደ ሰው ነው። ተዝካሩን አወጡ። በሳምንቱ ገበያው ዳር ከሚቀመጡት ወጣቶች ስድስቱን ጠርተው ግቢያቸው ውስጥ ሥራ ያስተምሯቸው ጀመር። ስድስቱ ብዙ ሳይቆዩ አሥራ አምስት ሆኑ። መጋዙ ግን ያው አንድ ነው።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት ድረስ መጡ።

«መምህር፣ መንግሥት መጋዝ አለው?»

«መንግሥት የሌለው ምን አለ፣ አባ?»

«እንግዲያ ጻፍልኝ።»

ጻፍኩ። ሦስት ገጽ። የማውቀውን ያማረ ቃል ሁሉ አንድም ሳላስቀር ደረደርኩበት። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት «ይህ ከእኛ በላይ ነው» ብሎ ወደ ደሴ መራን። እስከ ኮረም በእግር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄደን፣ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጥን። አባ ኪሮስ በየጠዋቱ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ያው አግዳሚ ላይ፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ዝም ብለው ይውላሉ። እኔ ግን በልቤ ማመልከቻዬን እከልሳለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተጠራን። ኃላፊው ሦስቱን ገጾች ገለጥ ገለጥ አደረገና መልሶ አስቀመጣቸው።

«ባጭሩ ምንድን ነው የምትፈልጉት?»

ጉሮሮዬን ስጠርግ አባ ኪሮስ ቀደሙኝ።

«ጌታዬ፣ ልጄ ሁመራ ሞተ። መቃብሩን አላውቀውም። እነዚህም ሊሄዱ ነው። መጋዝ ካለ ይቀራሉ።»

ኃላፊው ብዕሩን አነሣ። ከዚያ ማመልከቻዬ ጠርዝ ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ያማረ ቃል ጎን፣ አንድ መስመር ጽፎ ፈረመ።

በጀቱ በሦስተኛው ወር ደረሰ። ከመሣሪያዎቹ ጋር የመጣው ደብዳቤ ግን የሚከፈተው ማሠልጠኛ ኃላፊም አስተማሪም ዲፕሎማ ያለው እንዲሆን ያዛል። በከተማው ዲፕሎማ ያለው፣ ምስማር አቅንቶ መምታት የማይችለው እኔ ነበርኩ። ለአባ ኪሮስ የተገኘው መደብ የዘበኛ ብቻ ነው። ልነግራቸው ስሄድ መንገዱን ሙሉ ቃል ስመርጥ፣ ስጥል፣ እንደገና ስመርጥ ደረስኩ።

«ዘበኛ ጠዋት ይገባል?» አሉኝ።

«ይገባል።»

«ቀኑን እዚያው ይውላል?»

«ይውላል።»

«ልጆቹስ?»

«እነሱም እዚያው ናቸው።»

«ታዲያ ፊትህን ምን አጠቆረው?»

እንዲህ ሆነ። የዘበኛ ካፖርታቸውን ግንድ ላይ ሰቅለው ያስተምራሉ፤ እኔ እፈርማለሁ። የአጎራባቿ ከተማ የአምደወርቅ ትምህርት ቤት ወንበሮች ከዚያ ግቢ ወጡ። በዚያ ዓመት ከአሥራ አምስቱ ወደ ሁመራ የወረደ አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት ተቆጣጣሪ መጣ። በመላጊያ ተልጎ የለሰለሰውን ሳንቃ በመዳፉ እየዳበሰ «ይህን ማን አስተማራቸው?» አለ። አባ ኪሮስ በሩን ለመኪናው ከፍተው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው እንደቆሙ ናቸው። ወጣቶቹ ሁሉ እኔን አዩኝ። «ዘበኛው ነው» ብል ትእዛዝ አፍርሳችኋል ተብሎ በጀቱ ሊዘጋ ይችላል። እስከ ዛሬ ራሴን የማጽናናው በዚህ ነው።

«በእኔ ኃላፊነት ነው የሚማሩት» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። እናንተ ግን ምን እንደነበረ ታውቁታላችሁ።

ከወር በኋላ የምስጋና ደብዳቤ መጣ። አባ ኪሮስ ማንበብ አይችሉም፤ ማኅተሙን አይተው «ምን ይላል?» አሉኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስሜ በተጻፈበት ቦታ ሁሉ የእሳቸውን ስም እያስገባሁ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙኝ።

«መምህር» አሉ ስጨርስ፣ «እዚያ ላይ የኔ ስም የለም፤ አይደል?»

ወረቀቱን አጠፍኩት።

«የለም፣ አባ።»

«አውቄያለሁ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ዘበኛ አያመሰግንም።» ከሳንቃዎቹ አንዱን ሳብ አድርገው ተቀመጡበትና ካፖርታቸውን በጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡ። «ቢሆንም ድገመው። አሁን ቀስ ብለህ።»

ደገምኩላቸው።