ተው ባዩ አያ አድማሴና መጋዛቸው

ጎንደር ውስጥ ጠጅ ቤት የሌለው ሰፈር ይገኝ ይሆናል እንጂ ተው ባይ የሌለው ሰፈር አይገኝም። መሰላል ስትወጣ «ተው!» የሚልህ፣ ትኩስ ሻይ ስታነሳ «ተው!» የሚልህ፣ ምንም ሳታደርግ ቆመህ ሳለ እንኳ ከሩቅ የሚቆጣህ ሰው። አንተም ታውቀዋለህ። ምናልባትም አጎትህ ነው።

የእኛ የሳሙና በር ሰፈር ተው ባይ ክቡር አያ አድማሴ ናቸው። የተው ባዮች ሁሉ አለቃ፣ የጣት ጠባቂ፣ የጓሮ አናጺ። ከቤታቸው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ የጠረጴዛ መጋዝ አላቸው፤ ክብ ምላጩ ከጠረጴዛው መሐል ብቅ ብሎ የሚሽከረከር፣ ሲነሳ ሰፈሩን የሚያናውጥ ማሽን። ሌላው ሰው በማሽኑ ይኮራል። እሳቸው ግን አብረውት የኖሩት ነብር አስሮ እንደሚያሳድግ ሰው ነበር።

ወደዚያ ዳስ በነጠላ መግባት ክልክል ነው። በጋቢም። በሩ ላይ ሚስማር ተደርድሯል፤ የመጣ ሁሉ ልብሱን ሰቅሎ ይገባል። ልጃቸውን ሃናን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት አያ አድማሴ የዋንዛ ሳንቃ እየሰነጠቁ ነበር። እነዚያ የተከበሩ ሰዎች በዚያ በክረምት ብርድ ጋቢያቸውን ተገፈው፣ በኮት ብቻ እየተንቀጠቀጡ በር ላይ ቆሙ። ሳንቃው እስኪያልቅም እዚያው ጠበቁ። ልጅቱን መስጠቱንስ ሰጧቸው፤ ግን መጀመሪያ «ልጁ ጣቶቹ ሙሉ ናቸው?» ብለው ጠይቀዋል።

ጓንትማ አታንሳባቸው። አንዱ የአዘዞ ዘመዳቸው አዲስ የቆዳ ጓንት አጥልቆ መጋዙን ሊነካ ሲል እንዴት እንደጮኹበት! «ምላጩ ጓንቱን ሲይዝ ከእጅህ አውልቆልህ ነው ወይ የሚወስደው? ከነእጅህ ነው እንጂ!» አሉት። ሰውዬው ጓንቱን እዚያው ጥሎ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ድምፃቸው አጥር ይዘላል። «ሶኬት ንቀሉ! መብራት ሄደ እንጂ መጋዙ አልሞተም! ሲመጣ ማን እጁን እንደጣደበት አያውቅም!» መጋዝ በዐይኑ አይቶ የማያውቅ ጎረቤት ሁሉ ቴሌቪዥኑን ይነቅላል። ፀጉር ቤት ያላት ውቢት ደንበኛዋን የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ እንዳስቀመጠች ሮጣ ሶኬት ትነቅላለች። ሠርግ ሲጠሩም ስጦታቸው አንድ ነው፤ ጫፏ እንደ ደረጃ የተቀረጸች እንጨት መግፊያ። «ጣት አይገፋም፣ እንጨት ነው እንጨትን የሚገፋ» ይሉና ለሙሽሮቹ ያስረክባሉ። እኛ ቤት ያለችው የመስኮት መደገፊያ ሆናለች።

ከሁሉ የከፋው የሰላምታው ነገር ነው። አገራችንን ታውቃለህ፤ ትልቅ ሰው ሲመጣ ዞር ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ያልነሳ አሳዳጊ የበደለው ይባላል። አያ አድማሴ ግን መጋዙ ተነስቶ ሳለ ለማንም ዞር አይሉም። የንስሐ አባታቸው መስቀል ይዘው ቢገቡ እንኳ መጋዙ ጠፍቶ፣ ምላጩ ቀጥ ብሎ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ነው የሚሳለሙት። መጀመሪያ ቄሱ ክፉኛ ተቀይመው ነበር። ኋላ ግን አያ ምክንያቱን ነገሯቸው። በወጣትነታቸው አብሯቸው የሚሠራ ሰጠኝ የሚባል የመካነ ብርሃን ልጅ ነበር። እንጨት እየገፋ ሳለ ቄስ ገቡ፤ ሰጠኝም እንዳሳደጉት ዞር ብሎ እጅ ነሳ፤ ግራ እጁ ግን ምላጩ ላይ ነበረች። «ጨዋ ስለሆነ ነው የተቆረጠው» ይላሉ አያ፤ ይህን ሲሉ ብቻ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ቄሱም ከዚያ ወዲህ በር ላይ ቆመው ዳዊታቸውን እየደገሙ ይጠብቃሉ።

እኔ የመጻሕፍት መደርደሪያ ልሥራ ብዬ ነው እጃቸው ላይ የወደቅሁት። ሳምንታት ሙሉ ባልተነሳ መጋዝ ላይ ሳንቃ አስገፉኝ። «ከምላጩ ትይዩ አትቁም፣ ወደ ጎን በል! እንጨት ሲመለስ እንደ በቅሎ ነው የሚራገጥ!» ተው በዚህ፣ ተው በዚያ! ያን ጊዜ ያናድዱኝ ነበር። አሁን ያ ዘመን እንዴት እንደሚናፍቀኝ ብነግራቸው አያምኑኝም።

ባለፈው ጥቅምት ባለቤታቸው እማማ እጅጋየሁ አጥር ላይ ጠሩኝ። «ምነው ሁላችሁም ዝም አላችሁት? እጁ ይንቀጠቀጣል እኮ! ውሃ ሲጠጣ ደረቱ ላይ ነው የሚያፈሰው። እኔ ስለው አይሰማኝም። እባክህ ልጄ፣ ጣቱን ሳይበላው ንገረው።»

እንግዲህ ተው ባይን ማን ተው ይለዋል? የሆነው ይሁን ብዬ ሄድሁ። ጋቢዬን ሰቅዬ በር ላይ ቆምሁ። ጥድ እየሰነጠቁ ነበር። ቀኝ እጃቸው ላይ ያለችው መግፊያ ትርገፈገፋለች። ድንገት ምላጩ ነካትና ጫፏ ተቆርጦ ተፈናጥሮ ግድግዳውን መታው። ልጮህ አልቻልሁም፤ ሰው ከደነገጠ ይብስበታል፤ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። ምላጩ ቆመ፤ ሶኬቱ ተነቀለ።

«አያ፣ ይተዉ» አልኋቸው። «ይብቃዎት። በእናትዎ ይተዉ።»

ይወርዱብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብለው አግዳሚዋ ላይ ተቀመጡ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ተው ስል ኖርሁ» አሉ። «እኔን ተው የሚለኝ አንድ ሰው ጠፋ። ክረምቱን በሙሉ እጄ ሲንቀጠቀጥ እያያችሁ ዝም አላችሁ። እንግዲህ ይህ ሽማግሌ ጣት ምን ያደርግለታል ብለው ነው፣ እያልሁ ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምሁ።»

«ኧረ አያ! ፈርተንዎት ነው እኮ!»

«እኔን?» አሉ፤ የምራቸውን ገርሟቸው። እጃቸውን ይዤ ሳምሁት፤ በእጄ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ነበር። እንባዬ መጣ፤ አላፈርሁም።

ዛሬ ቆላ ድባ፣ ልጃቸው ሃና ዘንድ ናቸው፤ የጎንደር ብርድ በእርጅና አልተስማማቸውም። የዳሱን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዙን ከማስነሳቴ በፊት እደውልላቸዋለሁ። የምጠይቃቸው ኖሮኝ አይደለም፤ እንዲቆጡኝ ነው። «እጅጌህን ሰብስበሃል? ከጀርባህ ማን አለ?» ይላሉ፤ እኔም «አዎ አያ፣ ማንም የለም አያ» እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ የሚያነሳው ጠፋ። ሳንቃውን አየሁት፣ መጋዙን አየሁት፤ ዳሱን ቆልፌ ወጣሁ። ወደ ማታ ደወሉ፤ ለካ ተዝካር ሄደው ኖሯል።

«ሳልነግርህ አስነሳኸው?» አሉ በቁጣ።

«አላስነሳሁትም፣ አያ። እርስዎን ስጠብቅ ነው የዋልሁት።»

«ሸጋ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ። «ሸጋ አድርገሃል፣ ልጄ።»