ክቡር ዱጋልድና የአንድ ሜትር ፍርሃቱ

በየሙያው አንድ የታወቀ ፈሪ አይጠፋም፤ ፈሪ የሆነውም ሥራውን ስለማይችል ሳይሆን ከሁሉም አብልጦ ስለሚያውቀው ነው። ጉንፋን በያዘው ቁጥር የሚሞትበትን በሽታ በስሙ ጠርቶ የሚተኛ ሐኪም ታውቃላችሁ። ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ ኖሮ ልጁ ጀልባ ስትሳፈር ጓዳ ገብቶ የሚደበቅ መርከበኛም አይታችኋል። የእኛዋ ከተማ ኢንቨርካርን ደግሞ ክቡር ዱጋልድ ሬይኪ ደርሷታል። የጎልፍ ተጫዋች ነው፤ ዕድሜው አርባ ስድስት፣ ቁመቱ የስልክ እንጨት የሚያህል፣ ልቡ ግን የድንቢጥ።

እኔ ፈርገስ እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቦርሳውን ተሸክሜ ከኋላው ስከተል ኖሬአለሁ። መምቻ አቀብላለሁ፣ ርቀት እለካለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ፍርሃቱን አዳምጣለሁ። ለዚህ የመጨረሻው ሥራ የሚከፈለኝ የለም።

ሰውየው በሰው አገር አንበሳ ነው። ሜዳውን ስለማያውቀው ምኑን እንደሚፈራ አያውቅም፤ ጥሩ እራት በልቶ ይተኛል፣ ጠዋት ተነሥቶ ይመታል። ጣጣው የሚመጣው እዚህ፣ ከተወለደበት ቤት ሁለት መቶ እርምጃ በማይርቀው፣ ከዓለም ሜዳ ሁሉ አብልጦ በሚወደው ሜዳችን ላይ ነው። እዚህ እያንዳንዷን ጉብታ በስሟ ያውቃታል። ከአሥራ ስምንቱ የኳስ ማስገቢያ ጉድጓዶች አሥራ አራተኛው ላይ ያለውን፣ ኳስ የሚውጠውን ትልቁን የአሸዋ ጉድጓድ «አማቴ» ይለዋል። ኳሷ ገና ሳትመታ የምትገባበት መከራ ሁሉ ተራ ይዞ ይመጣበታል። «ይታየኛል፣ ፈርገስ፣ ይታየኛል» ይላል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ደግ ነገር ታይቶት አያውቅም።

ነገሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ታላቁ ሻምፒዮና በሜዳችን ሲካሄድ፣ በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ፣ መላው ከተማ ቆሞ እያየው፣ አንድ ሜትር የምትርቅ ኳስ ሳተ። ሕፃን በእግሩ ገፍቶ የሚያስገባትን ኳስ ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ሜትር ሲመታ ደህና ነው፣ ከሦስት ሜትርም ደህና ነው፤ አንድ ሜትር ላይ ሲደርስ ግን ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ዘንድሮ ሻምፒዮናው ተመልሶ መጣ። አዘጋጆቹም የከተማው ልጅ ነው ብለው የውድድሩን የመጀመሪያ ኳስ ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንዲመታ አከበሩት። ሌላ ሰው ቢሆን ደብዳቤውን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅለው ነበር። ክቡር ዱጋልድ አንብቦ ሲጨርስ ደረጃው ላይ ዘፍ አለ፤ ሚስቱ ኢሽቤል «ደግሞ ማን ሞተ?» ብላ ከኩሽና ወጣች።

ዝግጅቱ ያን ዕለት ተጀመረ። ዝግጅት ስላችሁ ሌሎቹ የሚያደርጉትን እንዳይመስላችሁ። እሱ የሚዘጋጀው በነፋስ ነው። ለዓሣ አጥማጆች የሚነገረውን የአየር ጠባይ በቀን አራት ጊዜ ያዳምጣል። ጣቱን በምራቅ ነክሮ በመስኮት ያወጣል። ኢሽቤል በምግብ ሰዓት ነፋስ የሚለው ቃል እንዳይነሣ ብትከለክለው፣ ማንኪያውን አስቀምጦ በመስኮት የዛፉን ቅጠል ማየት ጀመረ። ዓሣ ሊገዛ ሲሄድም ሻጩ ማክፌይል ሐሙስ ሱቁን ዘግቶ፣ ሠራተኞቹን ሁሉ ይዞ፣ ከግላስጎው የሚመጡ ሰባት ዘመዶቹንም ጨምሮ ሊያየው እንደሚሰለፍ አበሠረውና፣ «አንተ ብቻ እንዳትጨነቅ» ብሎ ሸኘው። ዓሣውን ረስቶት መጣ።

ከውድድሩ በፊት ባለው በመጨረሻው እሑድ ጠዋት ቤቴ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ለአዘጋጆቹ ነገ እደውላለሁ» አለኝ። «አልጫወትም።»

«ምን ብለህ?»

«ጀርባዬን አመመኝ እንዳልል ጀርባዬ ደህና ነው። ፈራሁ እላቸዋለሁ።»

እዚያው በሩ ላይ እንደቆመ፣ ይሄን ከቀረ ዳግመኛ መምቻ እንደማይነካ፣ በገዛ ሜዳው ላይ መቆም ያቃተው ሰው ሌላው ሜዳ ላይ ምን እንደሚሠራ እንደማያውቅ ነገረኝ። ቀልድ መጣልኝ፤ ግን ዓይኑን አይቼ ዋጥኩት። የምሩን ነበር።

እሑድ በእኛ ሜዳ ጎልፍ አይነካም። ከሻምፒዮናው ሳምንት በቀር እሑድ የሜዳው ዕረፍት፣ የሰዉና የውሻው መንሸራሸሪያ ነው፤ ይህ ከአያቶቻችን ጀምሮ ያለ ነው፣ ንጉሥ ቢመጣም አይፈቀድለትም። ስለዚህ ክቡር ዱጋልድ የኢሽቤልን ጃንጥላ ይዞ «ና አንድ ጊዜ እንዙር» አለኝ። እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ ባዶ ትከሻዬን ይዤ ተከተልኩት።

አሥራ ስምንቱንም ጉድጓድ በጃንጥላ ተጫወተ። ኳስ የለም፤ መምቻ የለም። ይቆማል፣ ነፋሱን ያያል፣ ጃንጥላውን እንደ መምቻ ይወነጭፋል፣ ከዚያ ዓይኑ ሰማይ ላይ አንድ ነገር ተከትሎ ይሄዳል፣ ፊቱም ይጠቁራል። አሥራ አንደኛው ላይ የውጤት ካርዱን አውጥቶ በእርሳስ በራሱ ላይ አንድ የቅጣት ምት ጨመረ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ልመታ ስል ኳሷን ነካኋት። ተንቀሳቀሰች።»

«የቷ ኳስ?»

«ሳትንቀሳቀስ ቀርታ ነው?» አለና በትካዜ አየኝ፤ እኔም ሳላስበው ተንቀሳቅሳ ይሆን ብዬ ሣሩን ተመለከትኩ።

አሥራ ሰባተኛውን እንደጨረስን ቆመና፣ በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ የመዝጊያዋን ኳስ ካስገባ ሐሙስ እንደሚጫወት፣ ከሳተ ግን ነገ ጠዋት እንደሚደውል ወሰነ። ደስታዬን ደብቄ እሺ አልኩ። በሌለች ኳስ ማን ይስታል?

መጨረሻው ላይ ስንደርስ የሚንሸራሸረው ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ቆመ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ወይዘሮ ጊላንደርስ ውሻቸው በኳሷ መንገድ ላይ እንዳይረግጥ ገመዱን አሳጠሩ። ማንም አልሳቀም። ክቡር ዱጋልድ ከጉድጓዱ አንድ ሜትር ርቆ አጎነበሰ። ጃንጥላው ሲንቀጠቀጥ ይታያል። እኔም ኪሴ ውስጥ ያለውን እጄን ጨበጥኩ። ቀስ ብሎ ገፋት። በዓይኑ ተከተላት።

«በግራ በኩል ዞራ ወጣች» አለ።

ወይዘሮ ጊላንደርስ በስንት ምት እንደጨረሰ ጠየቁት፤ በጎልፍ የሚያሸንፈው ጥቂት የመታ ነው። ቅጣቱን ጨምሮ ሰባ አምስት አላቸው።

«እኔ ያለ ኳስ ብጫወት ኖሮ ልጄ፣ በሃምሳ እጨርስ ነበር» አሉና ውሻቸውን ይዘው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሰዉ እስኪበታተን ጠብቄ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ኳስ እኮ የለም! ገባች ብትል ማን ይከራከርሃል?» ብዬ ጮህኩበት።

«ስትወጣ አየኋታ» አለኝ። «ልዋሽ?»

ይህን ሲል ቁጣዬ ከየት መጥቶ የት እንደገባ አላውቅም። ዓለም ላይ ስንት ሰው ያላስገባውን አስገባሁ ይላል፤ ይሄ ደግሞ ራሱ በፈጠራት ኳስ ላይ እንኳን አያታልልም። ወንድም የለኝም፤ ቢኖረኝ እንዲህ ዓይነት ሰው ይሁንልኝ እል ነበር። ነገ ደውሎ «ፈራሁ» እንደሚላቸው፣ ቃሉን እንደማያጥፍ፣ ሐሙስ ንጋት ላይ እዚያ ቦታ ሌላ ሰው እንደሚቆም አሰብኩ።

ያን ጊዜ ቀኝ እጄን ከኪሴ አውጥቼ ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት። እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ብርድ ነው?» አለኝ።

«ሐሙስ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሌላ ጊዜ የቦርሳውን ማሰሪያ ጨምድጄ ስለምይዝ አይታይም። ዛሬ ቦርሳ የለም።»

እጄን ያዘ። የጉድጓድ ዙሪያ ሲያጠና እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ ወዲህም ወዲያም እያገላበጠ ረጅም ጊዜ አየው። የእሱም ይንቀጠቀጣል፤ ሁለታችንም አልደበቅንም። ከዚያ ጃንጥላውን ብብቱ ውስጥ ወሸቀና፦

«ሐሙስ ቦርሳዬን ስትሸከም ጓንት አድርግ» አለኝ። «ብርድ ነው እንላቸዋለን።»

ሲዋሽ ስሰማው ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር።