በቁሜ የተለቀሰልኝ ሰውዬ

ስልክ ጮኸ ብላችሁ ሮጣችሁ፣ ስታዩት የቴሌኮም መልእክት ሆኖ ያውቃል? እኔ ዘንድ ሌላ ነገር ሆኖ አያውቅም። «ክቡር ደንበኛችን» ይለኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይለኛል። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ክቡር የሚለኝ የለማ! ልጆቼ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዷ አዲስ አበባ ናቸው። ሥራ ይበዛባቸዋል፤ እኔም ይብዛባቸው እላለሁ። የከተማችን ታችኛው ሠፈር ሲቀላ ካለችው ቤቴ በር ላይ ተቀምጬ የባጃጁን ግርግር ሳይ እውላለሁ። ጡረታ ማለት ይኸው ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ለየት ያለ መልእክት መጣ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የቴሌኮም ማሻሻያ ሊያደርግ ነውና ሐሳብዎን ይስጡ፣ ላይኛው ሠፈር ሴቻ ባለው አዳራሽ ስብሰባ አለ ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ሐሳቤን! የኔን ሐሳብ ሰው ከጠየቀኝ ስንት ዘመኑ። ግብርና ቢሮ ሳለሁ እንኳ የሚጠየቀው የኃላፊው ሐሳብ ነበር፣ እኔ አጨብጫቢ ነበርኩ።

ብቻዬን ከምሄድ ሰው ላስተባብር ብዬ ተነሣሁ። ጎረቤቴ ወይዘሮ አስቴር ከገጠር ከጫኖ ሙዝ እያመጣች የምትሸጥ ናት። ነገርኳት። «ጋሼ፣ ባለፈው ስለ ውኃ አስተያየት ስጡ አሉን፣ ሰጠን። ቀጥለው ስለ አሰጣጣችን አስተያየት ስጡ አሉን። ሙዙ በሰለብኝ» አለችኝ። ፀጉር አስተካካዩን ጠየቅኩት። «ስም ይመዘግባሉ?» አለ። ይመዘግቡ ይሆናል አልኩት። መቀሱን አነሣና ጆሮዬ አካባቢ ሥራውን ቀጠለ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ ተረትኩለት። «ይቅር ጋሼ፤ ደጃዝማች ሆኜ ማንን ልላጭ ነው?» አይለኝም?

ያኔ ሻንቆ ትዝ አለኝ። ሻንቆ ደጋው ላይ ጨንቻ ያለ ሸማኔ ወዳጄ ነው። ወጣት ሆኜ እዚያ ስሠራ እሱ ቤት ክፍል ተከራይቼ ነበር። የመወርወሪያውን ድምፅ እየሰማሁ እተኛ ነበር፣ እየሰማሁ እነቃ ነበር። እሱም ሚስቱን ቀብሯል። በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር፤ ክረምቱ ከገባ ግን ስደውል «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ብቻ ሆነ። ተቀይሞኝ ይሆን? ታሞ ይሆን? ለምን አልሄድክም ትሉኝ ይሆናል። ሰው ብቻውን ሲከርም እግሩም ይሰንፋል፤ ሌላ ምን ልበላችሁ።

ይኸው ሰበብ ተገኘ ብዬ ሚኒባስ ያዝኩ። ዳገቱን ስንወጣ የታች ቆላው ሙቀት ቀረ፣ ጉም ተቀበለን። ግቢው ገብቼ «ሳሮ! ሻንቆ!» ብዬ በአገሩ ቋንቋ ሰላም አልኩ። መወርወሪያው ቆመ። ሻንቆ ወጣ። አየኝ። ዓይኑን ጠረገና እንደገና አየኝ።

«አንተ» አለ፣ «አልሞትክም እንዴ?»

ለካ አንድ ገበያተኛ ሲቀላ ያለ የግብርና ጡረተኛ አረፈ ብሎ ነግሮታል። ሻንቆ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ወጥቶ ደወለ፤ ያቺው ስልክ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ማግኘት አይችሉም አለችው። ሠፈሬ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋል፤ እሱ በምን ይወቅ? በሌላ ቀን ወጣ፣ ደወለ፣ ያው። ሴትዮዋ እውነቷን ነው አለና ወርዶ አለቀሰ።

«ብቻህን?» አልኩት።

«ከማን ጋር ላልቅስ? እዚህ አንተን የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል።»

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? አፈርኩ፣ አዘንኩ፣ ግን ደግሞ አንዳች ነገር ሞቅ አለኝ። የሚለቀስለት ሰው ነኝ ለካ! ቆጮ በሚያቃጥል ዳጣ አቀረበልኝና ዓይኑን ከኔ ላይ ሳያነሣ አበላኝ።

አብረን እንሂድ ብዬው ነበርና በስብሰባው ቀን ሻንቆ ጋቢውን ለብሶ ወረደ። አዳራሹ ውስጥ ከሰው ወንበር ይበዛል። ከመድረኩ አንዲት ወጣት ባለሙያ ስለ ውድድር፣ ስለ ታሪፍ፣ ስለ ጥራት በትህትና አስረዳችና አስተያየት ጠየቀች። ሁሉም ጫማውን ያያል። ሻንቆ ተነሣ።

«እኔ ስለ ታሪፍ አላውቅም» አለ። «ስደውል አንዲት ሴት ማግኘት አይችሉም ትለኛለች። ጨዋ ናት፣ እርስዎ ብላ ነው የምታናግረኝ፤ አልወቅሳትም። ግን አንድ ነገር ትጨምርልን። ሰውየው ሞቶ ነው ወይስ ኔትወርክ ነው? ይህን ለይታ ትንገረን።»

አዳራሹ ሳቀ። ሻንቆ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«እናንተ ትስቃላችሁ። እኔ በቁሙ አልቅሼለታለሁ። ያውና፣ ተቀምጧል።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መኖሬን እንዴት ላስረዳ? ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ። አሁን የሳቀ የለም። ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «አባቴ፣ ሽማግሌ ሰው ለመደወል ኮረብታ መውጣት የለበትም፤ ይህን ራሴ አቀርበዋለሁ» አለችው። ከዚያ በኋላ ማን ዝም ይበል! አንዷ የልጇን ድምፅ ሳትሰማ መክረሟን፣ አንዱ ሐኪም መጥራት አቅቶት የሆነውን፣ ሁሉም ያለውን አወጣ። ስብሰባው ምሳ ሰዓት አለፈ። ሰው የሚናገረው አጥቶ አልነበረም ለካ፤ ቀድሞ የሚነሣ አጥቶ ነው። ስለዚህ አስተያየት ስጡ ሲሏችሁ ስጡ፣ ምክሬ ነው።

በኛ አስተያየት ይሁን በሌላ እግዜር ይወቀው፣ ከወራት በኋላ የነሻንቆ ሠፈር ኔትወርክ ተስተካከለ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ያገኘኛል። በየማለዳው ይደውላል። «አለህ?» ይለኛል። «አለሁ» እለዋለሁ። «በል ደህና ዋል።» አለቀ። ቀኑ ገና አልተጀመረም፣ ወሬያችን ግን አብቅቷል። አሁን እሱ ዘንድ ለመሄድ ምን ሰበብ አለኝ? መኖሬን ያውቃል፤ መኖሩን አውቃለሁ።

ባለፈው ግን መታገሥ አልቻልኩም፤ ሳልደውል ሚኒባስ ተሳፈርኩና ደጁ ደረስኩ።

«ምነው በደህና?» አለ ደንግጦ። «አትደውልም ነበር?»

«ኔትወርክ እምቢ አለኝ» አልኩ።

ሻንቆ አየኝ። ፈቀቅ ብሎ አጠገቡ ቦታ ሰጠኝ።

«አዎ» አለ፣ «እዚህም ከትናንት ጀምሮ ጨርሶ የለም።»

ይህን ሲል ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮኻል። ሁለታችንም አልሰማንም።